ወጡና እንጀራው

ባለፈው ቅዳሜ ቡና እየጠጣን ስልኬ ላይ ያለ አንድ ፎቶ ለጓደኞቼ አሳየኋቸው። ትንሹ የማጀላን ደመና የሚባለው ጋላክሲ ነው፤ 200,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ ያለ ጎረቤታችን። አንዷ ስልኩን ተቀብላ አጎላችው፣ አሳነሰችው፣ አዙራ አየችውና «ይሄ እኮ የተደፋ ሽሮ ነው!» አለች። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ከሳቁ በኋላ ዝም ማለት አቃተኝ። ሳታውቀው የሥነ ፈለክ ሰዎች ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሲሉት የኖሩትን ነበር የደገመችው። እነሱም እንዲህ ያሉትን «ቅርጸ ቢስ» ብለው ነው የመዘገቧቸው። ሙሉ ስማቸው «ድንክ ቅርጸ ቢስ ጋላክሲ» ነው። ድንክም ቅርጸ ቢስም! ስድብ እንጂ ስም አይመስልም።

ዛሬ ጥብቅና ልቆምላቸው ነው። ጓደኛዬ ያየችው በእርግጥም ሽሮ ነው ብለን እንስማማ፤ የፈሰሰው ግን ወለል ላይ ሳይሆን እንጀራ ላይ ነው። ከሥሩ ሰፊ፣ ድቡልቡል፣ ልስልስ ያለ እንጀራ ተዘርግቷል። ፎቶው ላይ የማይታየው ወጡ በጣም ስለሚያበራ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ድንክነታቸውን እንጨርስ። የእኛ ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብ፣ ከመቶ ቢሊዮን በላይ ከዋክብት አሉት። ድንኮቹ ከጥቂት ሚሊዮን እስከ ጥቂት ቢሊዮን ነው ያላቸው። የሚያማምሩት ጥምዝምዝ ክንዶች የሏቸውም፤ በምትኩ ለአካላቸው የማይመጣጠን ብዙ ጋዝ አላቸው። በአንዳንዶቹ ጋዙ ከከዋክብቱ ሁሉ በላይ ይመዝናል። ጋዝ ማለት ገና ኮከብ ያልሆነ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ዛሬም ኮከብ እየወለዱ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ማታ ከእንጦጦ ቁልቁል አዲስ አበባን ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ዓይን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ረጃጅሞቹ ፎቆችና ወደ ትልልቆቹ የማስታወቂያ ስክሪኖች ነው። ከዚህ ተነስቶ «የከተማው ሕዝብ የሚኖረው እዚያ ነው» የሚል ሰው ተሳስቷል። ስክሪኑ ሥር ከዘበኛው በቀር የሚያድር የለም። ሕዝቡ ያለው አንድ አንድ አምፖል ባበሩት፣ ከላይ ሲታዩ ጨለማ በሚመስሉት ሰፈሮች ውስጥ ነው።

ከዋክብትም እንደዚያው ያታልላሉ። ፀሐይን 20 እጥፍ የሚመዝን ኮከብ 20 እጥፍ ብቻ ቢያበራ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። የሚያበራው ግን በብዙ አሥር ሺህ እጥፍ ነው። እንዲህ ያለ አባካኝ ደግሞ ነዳጁን በ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አሟጥጦ ይፈነዳል። የእኛ ቆጣቢ ፀሐይ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ኖራ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናት። ስለዚህ ደማቅ ሰማያዊ ኮከብ ስታዩ ያለ ምንም ጥርጥር ሕፃን ነው። ሽማግሌ ሰማያዊ ግዙፍ የሚባል ነገር የለም፤ ለማርጀት ዕድሜ አይሰጠውም። ፎቶው ላይ የሚንቦገቦጉት ሰማያዊ ነጠብጣቦችና በዙሪያቸው የቀላው ጋዝ ትናንት የተወለዱት ናቸው። ብዛታቸው ከጋላክሲው ሕዝብ ኢምንት ነው፤ ብርሃኑን ግን ጠቅልለው ይዘውታል። ቅርጽ የሌለው የእነሱ አሰፋፈር ነው፤ ስሙ የተለጠፈው ግን በመላው ጋላክሲ ላይ ነው።

ይህን የብርሃን ማታለል ከሥሩ የገለጠው ታሪክ ራሱ ስለ መብራት መጥፋት መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ዋልተር ባዴ የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማውንት ዊልሰን ላይ ይሠራል። አሜሪካ ከጀርመን ጋር ስትዋጋ ባልደረቦቹ ለጦርነቱ ምርምር ተሰማሩ፤ እሱ ግን ዜግነቱ የጠላት አገር ስለሆነ እዚያ አልተፈለገም። ከተራራው ላይ፣ በዘመኑ ከዓለም አንደኛ ከነበረው የ2.5 ሜትር ቴሌስኮፕ ጋር ቀረ። ከሥሩ ያለው ሎስ አንጀለስ ደግሞ የአየር ጥቃት ይመጣል በሚል ስጋት መብራቱን አጥፍቷል። ከዚህ የተሻለ ቅጣት ለሥነ ፈለክ ሰው ከየት ይገኛል!

ባዴ ለቀይ ብርሃን ስሱ የሆኑ የፎቶ ሳህኖችን ይዞ ወደ አንድሮሜዳ ጋላክሲ መሐል አነጣጠረ። እስከዚያ ድረስ ያ ቦታ ጉም እንጂ ኮከብ ሆኖ ታይቶ አያውቅም ነበር። አሁን በሺህ የሚቆጠሩ ደብዛዛ ቀያይ ከዋክብት ሆኖ ተበተነለት። እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጣው ሥራ ከዋክብትን በሁለት ትውልድ ከፈላቸው፤ አንደኛው ትውልድ ሰማያዊዎቹና ወጣቶቹ፣ ሁለተኛው ቀያዮቹና አሮጌዎቹ። ቁጥሩ ተገልብጦ ታላቁ ሁለተኛ፣ ታናሹ አንደኛ መባሉ ተማሪን ሁሉ ሲያምታታ ይኖራል፤ እኔም አልፌበታለሁ።

ባዴ ኋላ አይሲ 1613 የሚባለውን ድንክ ቅርጸ ቢስ ጋላክሲ ሲመረምር ከደማቆቹ ሰማያዊዎች ሥር ሌላ ነገር አየ። ደብዛዛ ቀያይ ከዋክብት እንደ ስስ ጨርቅ ተነጥፈዋል፤ ደማቆቹ ካለቁበት ጠርዝም አልፈው ይቀጥላሉ። እንጀራውን መጀመሪያ ያየው እንግዲህ እሱ ነው።

አሁን ትጠይቁኛላችሁ፤ የኮከብ ዕድሜ በምን ይታወቃል? የልደት ካርድ የለውም። መልሱ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ቀለሙና ድምቀቱ። ጋላክሲው ቅርብ ከሆነና ቴሌስኮፑ ጥሩ ከሆነ ከዋክብቱን አንድ በአንድ መለካት ይቻላል። ከዚያ ወረቀት ላይ ወደ ጎን ቀለሙን፣ ወደ ላይ ድምቀቱን አድርጋችሁ እያንዳንዱን ኮከብ በነጥብ ታስቀምጣላችሁ። ነጥቦቹ እንደ ዘፈቀደ አይበተኑም፤ ጎዳና ጎዳና ይሠራሉ። አንድ ሰርግ ላይ ከሩቅ ሆናችሁ ማን የሙሽራው ሚዜ፣ ማን አያት እንደሆነ በአለባበሱና በአቀማመጡ እንደምትለዩት ነው።

በግራ በኩል ሽቅብ የሚወጣው ሰማያዊ ጎዳና የሕፃናቱ ነው። ከእሱ አጠገብ ደግሞ እኔ በጣም የምወደው ቀጭን ጎዳና አለ፤ ሃይድሮጅናቸውን ጨርሰው ሂሊየም ማንደድ የጀመሩ ሰማያዊ ከዋክብት። የእነዚህ ድምቀት በቀጥታ ከዕድሜያቸው ጋር ይያያዛል፤ ደማቁ ወጣት፣ ደብዛዛው አንጋፋ። ስለዚህ እስከ ጥቂት መቶ ሚሊዮን ዓመት ድረስ እንደ ሰዓት ያገለግላሉ። የካርቦን ከዋክብት የሚባሉት በጣም ቀያዮች በጥቅሉ የመካከለኛ ዕድሜ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ቢሊዮንና ከዚያ በላይ ዓመት የኖሩ። የቀይ ግዙፎች ጎዳና ደግሞ ከአንድና ሁለት ቢሊዮን ዓመት ጀምሮ እስከ መጀመሪያዎቹ ከዋክብት ድረስ ያሉትን ሁሉ አጭቆ ይይዛል። ከሁሉም ታላላቆቹ አር አር ላይሬ የሚባሉት ናቸው። በግማሽ ቀን ገደማ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ፤ ዕድሜያቸው ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ ነው። አንድ ጋላክሲ ውስጥ አንድ እንኳ ብታገኙ ጋላክሲው በዚያ ጥንት ዘመን ኮከብ ይወልድ እንደነበር ማስረጃ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሥራ ቀላል ይመስላል። እያንዳንዱን ጎዳና ለብቻው ነጥላችሁ ሰማዩ ላይ የት የት እንደሚኖሩ ካርታ ታወጣላችሁ። ዴኒስ ዛሪትስኪና ባልደረቦቹ ይህንኑ በትንሹ የማጀላን ደመና ላይ አደረጉት፤ ቺሊ ውስጥ ባለ የ1 ሜትር ቴሌስኮፕ። ኋላ ያወጡት መዝገብ ከ5 ሚሊዮን በላይ ከዋክብት የያዘ ነው። በ2000 ያወጧቸውን ካርታዎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስታዩ የአንድ ጋላክሲ መሆናቸውን ለማመን ይቸግራል። የወጣቶቹ ካርታ ጓደኛዬ ያየችው ነው፤ እዚህ ጉብ፣ እዚያ ጭረት፣ በአንድ ጎን ደግሞ ወደ ውጭ የተጎተተ ክንፍ። የሽማግሌዎቹ ካርታ ልስልስ ያለ ሞላላ ነው። ጉብታ የለውም፤ ክንፍ የለውም። ከመሐል ወደ ዳር በእርጋታ እየሳሳ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹን ብቻ ያየ ሰው ጋዝ የሌለው፣ ሥራ ያቆመ፣ ጸጥ ያለ ሌላ ዓይነት ድንክ ጋላክሲ ነው ብሎ ይምላል።

በቅርበት ለማየት ሁለት ሰፈሮቹን ብቻ እንጎብኝ። አንዱ ኤንጂሲ 346 ነው፤ ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ብቻ የሆናቸው ግዙፍ ከዋክብት የታጨቁበት፣ በዙሪያቸው ያለውን ጋዝ አቅልተው የሚያነዱ ሰፈር። የጋላክሲው ወገብ ላይ፣ ግርግሩ መሐል ነው ያለው። ሌላው ኤንጂሲ 121 ነው፤ በምዕራብ ዳር ራቅ ብሎ የተቀመጠ ድቡልቡል የከዋክብት ክምችት፤ ዕድሜው 10 ቢሊዮን ዓመትን ያለፈ፣ በዚህ ጋላክሲ ካሉት ክምችቶች ሁሉ አንጋፋው። ስለ አንድ ሕፃንና ስለ አንድ አዛውንት ብቻ ሕግ አይወጣም፤ ግን ሰፈራቸውን ስታዩ ነገሩ ይታያችኋል።

ትንሹ የማጀላን ደመና ግን ምስክርነቱ ሙሉ አይደለም። አጠገቡ ትልቁ የማጀላን ደመና አለ፤ ከሁለቱም በላይ ደግሞ የእኛ ጋላክሲ ስበት ይጎትታቸዋል። «ወጣቶቹ የተዝረከረኩት ጎረቤት ስለረበሻቸው ነው፤ ሽማግሌዎቹም ወደ ዳር የተገፉት ለዚሁ ነው» የሚል ሰው መልስ ይፈልጋል። ስለዚህ ብቸኞቹን እንፈልግ።

ሊዮ ኤ 2.6 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ አጠገቡ ማንም የለም። ብሩህ አካሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 5,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ በጣም የዘገየ ጋላክሲ ነው፤ ከሠራቸው ከዋክብት ከ90 በመቶ በላይ የተወለዱት ባለፉት 8 ቢሊዮን ዓመታት ውስጥ ነው። ሌላው ቤተሰብ መስርቶ፣ ልጅ ድሮ ሲጨርስ እሱ ገና ሠርግ ላይ ነበር። «ይሄስ እንጀራም የለው፤ ወጥ ብቻ ነው» ቢባል ማንም አይገርመውም ነበር። በ2004 ግን በሃዋይ ያለው የሱባሩ ቴሌስኮፕ ሰፊውን ሰማይ አጥርቶ ሲያነሳው ቀያይ ግዙፎቹ ጠርዙ ነው ከተባለው ስፍራ አልፈው በጣም ርቀው ተገኙ። ጥቂትም ቢሆኑ አር አር ላይሬዎች አሉት። በሕይወቱ ሙሉ ወጣት የመሰለው ጋላክሲ አያቶቹን ዳር ዳር አስቀምጦ ኖሯል።

ደብሊው ኤል ኤም የሚባለው ሌላው ብቸኛ፣ 3 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቀው፣ ወሬው ተመሳሳይ ነው። በ1996 በወጣ ጥናት ሰማያዊዎቹን ከብቦ የሚወጣ የአሮጌ ከዋክብት ልብስ ታየለት። ስለዚህ ጎረቤት የሚባለው ሰበብ ለሁሉም አይሠራም።

ኤንጂሲ 6822ን ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ያለ እሱ የዚህ ሙያ ታሪክ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ በ1884 አገኘው። ኤድዊን ሃብል ደግሞ በ1925 ሴፌይድ የሚባሉ 11 ተለዋዋጭ ከዋክብትን አገኘበትና በእነሱ ርቀቱን ለካ፤ 700,000 የብርሃን ዓመት አለ። ዛሬ እንደሚታወቀው ከዚያ ከሁለት እጥፍ በላይ፣ 1.6 ሚሊዮን ገደማ ነው። ቢሆንም የእሱ ስሌት ጋላክሲውን ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ለማውጣት ከበቂ በላይ ነበር። ስለ ዛሬው ጉዳያችን የሚደንቀው ግን ሌላ ነው። የጋላክሲው ሃይድሮጅን በአንድ አቅጣጫ ረጅም ሆኖ የተዘረጋ ዝርግ ሳህን ነው፤ ወጣቶቹ ከዋክብትም ከእሱ ጋር ይሄዳሉ። በ2006 ሰርዥ ዴመርስና ባልደረቦቹ የካርቦን ከዋክብቱንና ቀያይ ግዙፎቹን ሲከታተሉ ግን ሰፊው የእነሱ ሞላላ ከጋዙ ሳህን ጋር መስቀለኛ ሆኖ ተገኘ። ወጡ በቁመት፣ እንጀራው በወርድ!

እሺ፣ ለምን? አዛውንቱ ለምን ዳር፣ ልጆቹ ለምን መሐል?

ጥያቄው የሚያስቸግረው ትልልቆቹ ጋላክሲዎች በተቃራኒው ስለሚያድጉ ነው። ፍኖተ ሐሊብ እንደ አዲስ አበባ ነው። አሮጌው ከተማ አራዳ፣ ፒያሳ፣ መሐል ላይ ነው፤ አዲሱ ኮንዶሚኒየም እየሰፋ ወደ ዳር፣ ወደ አያት፣ ወደ ጀሞ ሄደ (የሰሞኑን የመሐል ከተማ ፍርስራሽና ግንባታ ለምሳሌዬ ስል ረስቼዋለሁ)። በትልልቆቹ ጥምዝምዝ ጋላክሲዎችም የሳህናቸው መሐል ቀድሞ ይሠራል፤ ዳሩ ይከተላል። ድንኮቹ ግን እንደ ቆላ ኩሬ ናቸው። በክረምት ኩሬው እስከ አፉ ይሞላል፤ ከብቱ ዳር ዳር ይጠጣል፤ ጭቃው ላይ ኮቴው ይቀራል። በጋው ሲገፋ ውኃው ወደ መሐል ይሸሻል፤ ከብቱም ተከትሎት ይገባል። ሚያዝያ ላይ ብትሄዱ እርጥቡ ኮቴ መሐል፣ የደረቀው ኮቴ ዳር ነው። ከብቱ ግን አሁን የት እንዳለ ብቻ ከሩቅ ያየ ሰው ኩሬው ምን ያህል እንደነበር አያውቅም።

ጋዝም እንደዚሁ ነው። ኮከብ ለመሥራት ጋዝ መጨናነቅ አለበት፤ ዳር ላይ ግፊቱ ደካማ ነው፣ ያለው ጋዝ ሲሳሳ ቶሎ ከመጠኑ በታች ይወርዳል፣ ምጣዱም ይቀዘቅዛል። መሐሉ ግን ለብዙ ቢሊዮን ዓመት ይቀጥላል። ዲድሬ ሃንተር የምትመራው ቡድን በ41 ድንክ ጋላክሲዎች ላይ፣ ጋዙን ኒው ሜክሲኮ ባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ፣ ከዋክብቱን በሌሎች መሣሪያዎች አድርጎ ብዙ መርምሯል። ከእነዚህ በ34ቱ ቅርጸ ቢሶች ላይ በ2012 የወጣው ሥራ የአብዛኞቹ ኮከብ ወላጅ ክልል ከውጭ ወደ ውስጥ እየጠበበ መምጣቱን አሳይቷል። በጋው እየገፋ ነው ማለት ነው።

ኩሬው ግን የታሪኩ አንድ ክፍል ነው። ኮቴ ከወረደበት አይንቀሳቀስም፤ ኮከብ ይንቀሳቀሳል። እስቲ አብረን እናስላ። በእነዚህ ትንንሽ ጋላክሲዎች ውስጥ አንድ ኮከብ ከጋላክሲው የጋራ ሽክርክሪት በላይ ለራሱ በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይንቀዋለላል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ኮከቡ የብርሃንን 30,000ኛ እጅ ፍጥነት አለው ማለት ነው። በ10 ሚሊዮን ዓመት 330 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ያ ሰማያዊ ግዙፍ የሚሞትበት ዕድሜ ነው፤ ከተወለደበት መንደር ሳይወጣ ይቀበራል። ለዚህ ነው ሰማያዊዎቹ ጉብ ጉብ ብለው የሚታዩት። በ100 ሚሊዮን ዓመት ግን 3,300 የብርሃን ዓመት ይሆናል። ሊዮ ኤ ጠቅላላ 5,000 ነው ብያችኋለሁ! በእርግጥ ስበት መልሶ ስለሚስበው ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይዞራል፣ ይመለሳል። ቢሆንም አብረውት የተወለዱት እያንዳንዳቸው በየመንገዳቸው ስለሚሄዱ መንደሩ ይፈርሳል። አሮጌዎቹ ከዋክብት እንደ እንጀራ የለሰለሱት ከመጀመሪያው ተስተካክለው ስለተወለዱ አይደለም። እነሱም በዘመናቸው የተደፋ ሽሮ ነበሩ፤ ጊዜ አዳርሷቸው ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ለእኔ ከሁሉም የሚጥመው ነው። ወናፍ ታውቃላችሁ፤ ባለ እጁ ፍሙን የሚያናፋበት የቆዳ ከረጢት። እነዚህ ጋላክሲዎች እንደ ወናፍ ይተነፍሳሉ። መሐል ላይ ብዙ ግዙፍ ከዋክብት አብረው ሲወለዱ ከጥቂት ሚሊዮን ዓመት በኋላ አብረው ይፈነዳሉ። ጋላክሲው ትንሽ፣ ስበቱም ደካማ ስለሆነ ጋዙ ተጠራርጎ ወደ ውጭ ይነፋል። ከመሐል ብዙ ክብደት በድንገት ሲነሳ ስበቱ ይላላል፤ ከዋክብቱም ልጓሙ እንደላላ ፈረስ ምህዋራቸውን ያሰፋሉ። በኋላ ጋዙ ቀዝቅዞ ይመለሳል፣ እንደገና ይወልዳል፣ እንደገና ይፈነዳል። በእያንዳንዱ እስትንፋስ ከዋክብቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ብዙ የኖረው ብዙ እስትንፋስ ስላሳለፈ ርቆ ይገኛል። ካሪም ኤል-ባድሪና ባልደረቦቹ በ2016 ባወጡት የኮምፒውተር ስሌት ከዋክብቱ ከተወለዱ በኋላ ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ እንኳ ሺህና ከዚያ በላይ የብርሃን ዓመታት ሊሸሹ እንደሚችሉ ታይቷል። መሐል ተወልደው ዳር ያረጁ ማለት ነው።

ይህ እንግዲህ ኩሬውን ያወሳስበዋል። ዳር ላይ ያገኘነው ሽማግሌ ድሮ ኩሬው ሰፊ በነበረበት ጊዜ እዚያው የተወለደ ነው ወይስ መሐል ተወልዶ የተሰደደ? ፎቶው ያለበትን እንጂ የመጣበትን አይናገርም። በእኔ ግምት ሁለቱም አለ፤ እንደ ሊዮ ኤ ባሉት በጣም ትንንሾቹ ውስጥ ግን ወናፉ የሚያመዝን ይመስለኛል፤ ስበታቸው በጣም ደካማ ነውና። ይህን በሚገባ ለመለየት የእያንዳንዱን ኮከብ የብረት ይዘትና ፍጥነት አንድ በአንድ መለካት ያስፈልጋል፤ በሚሊዮን የብርሃን ዓመታት ርቀት ላለ ደብዛዛ ኮከብ ደግሞ ይህ የብዙ ሌሊት ሥራ ነው።

ወጡስ ለምን እንዲህ ይዝረከረካል? የማኪያቶ አረፋ ላይ ትንሽ ቡና ጠብ አድርጋችሁ በማንኪያ ብታማስሉት ይጠመዘዛል፤ ውስጡ ፈጥኖ፣ ዳሩ ዘግይቶ ስለሚዞር። ትልልቆቹ ጋላክሲዎችም ኮከብ የተወለደበትን ሰፈር እንዲህ ጎትተው ያጣምሙታል። ድንኮቹ ግን አብዛኛው አካላቸው እንደ መኪና ጎማ አንድ ላይ ነው የሚዞረው። የሚጎትት የለም። ስለዚህ ፍንዳታ የቦረቦረው ጉድጓድ ለረጅም ጊዜ እንደተቦረቦረ ይቆያል። ሆልምበርግ ሁለት የሚባለው ድንክ ጋላክሲ ሃይድሮጅን ላይ በ1992 የተቆጠሩት ጉድጓዶች 51 ናቸው፤ ካርታው ከእንጀራ ዓይን አይለይም። የተገፋው ጋዝ ጉድጓዱ ከንፈር ላይ ይከማቻል፤ ተጨናንቆም አዲስ ከዋክብት ይወልዳል። ሴክስታንስ ኤ የሚባለው፣ ፎቶው ላይ ካሬ የሚመስለው ጋላክሲ፣ ያንን ሰማያዊ ሰዓት ተጠቅመው ሲመረምሩት ወሊዱ ከሰፈር ሰፈር ሲዘዋወር ታየ፤ አንዱ ጥግ ለመቶ ሚሊዮን ዓመታት ሲጦፍ ሌላው ይተኛል፣ ከዚያ ተራ ይለወጣል።

ይህን ሁሉ ቅዳሜ ዕለት እንደዚሁ ስዘበዝብ ጓደኛዬ ቡናዋ ቀዝቅዞባት «በዓይን ይታያል ወይ?» ብላ አቋረጠችኝ። ይታያል! የሚገርመውም ከእኛ አገር ይታያል። ትንሹ የማጀላን ደመና የደቡብ ሰማይ ነው፤ ለአውሮፓውያን ፈጽሞ አይወጣም። ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ጨረቃ በሌለችበት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊታችሁን በቀጥታ ወደ ደቡብ አዙሩ። አኬርናር የሚባል ደማቅ ኮከብ ትንሽ ወደ ግራ ብሎ ይታያል፤ ከእሱ ወረድ፣ ወደ ቀኝ ጠጋ በሉ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን አድማሱ ላይ ብታስቀምጡ ስፋቱ 10 ዲግሪ ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ደመናው የሚወጣው 8 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ጭብጣችሁ ይሸፍነዋል፤ የከተማው ብርሃንና ጭስ ደግሞ ቀድመው ይውጡታል፤ አትልፉ። ሞያሌ አካባቢ ግን ወደ 14 ዲግሪ፣ አንድ ጭብጥ ተኩል ይጠጋል፤ የቦረና ሌሊት ደግሞ ጨለማ ነው።

የሚታያችሁ ደብዘዝ ያለች፣ ከጨረቃ በጣም የምትሰፋ ነጭ ጭጋግ የመሰለች ነገር ናት። ዓይን ሰማያዊውን ከቀዩ፣ ጉብታውን ከልስልሱ መለየት አይችልም። ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ ስልኩን እንደገና ተቀበለችኝና ፎቶውን እስኪደበዝዝ ድረስ አሳነሰችው። «አሁን እንጀራ መሰለ» አለች።